ተገኝታለች ያላልኩላት ልጅ

በከተማችን ጎዳና ላይ ስሄድ «ጀግናው!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «ኧረ ተዉ፣ እኔ ምን አደረግኩ» እላለሁ፤ በሆዴ ግን «ድገሙልኝ» ነው የምለው። ባለቤቴ አጠገቤ ካለች ደስታዬ ዕድሜ የለውም። «ማን? ይሄ?» ትላለች። «በረሮ ሲያይ አልጋ ላይ የሚወጣው?» በረሮው የሚበር እንደነበረ ግን ለማንም አትናገርም።

ስለዚህ ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ሌላው ሰው አሳምሮ ነው የሚያወራው።

እኔ ድምፅ ማጉያ አከራይ ነኝ። በወጣትነቴ የራዲዮ ጋዜጠኛ ለመሆን ተፈትኜ ነበር። ፈታኙ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝና «ድምፅህ ግሩም ነው፤ የቀረህ የምትለው ነገር ነው» አለኝ። እኔም የምለውን ሌላ ሰው የሚሰጠኝ ሥራ ፈለግኩና ይኸው እዚህ ደረስኩ። አንዲት አሮጌ ባጃጅ አለችኝ። ጣራዋ ላይ አፋቸው እንደ ጡሩምባ የሰፋ ሁለት ስፒከሮች ታስረዋል፤ የተሳፋሪው ወንበር ላይ አምፕሊፋየሩና ባትሪው ተቀምጠዋል፤ ከፊት እኔ ከነቦርጬ ተሰክቻለሁ። ሰርግ ሲሆን ሙሽሮችን አስገባለሁ፣ ሰው ሲሞት የቀብር ሰዓት እናገራለሁ፣ ሳሙና ሲረክስ እለፈልፋለሁ፣ ክትባት ሲመጣ እናቶችን አስፈራራለሁ። ምቀኞች ሁሉንም በአንድ ዜማ ነው የሚለው ይሉኛል። አንድ ጊዜ የቀብር ሰዓት ስናገር «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ አፌ ያመለጠኝ እውነት ነው፤ ሟቹ ጨቅጫቃ የቤት አከራይ ስለነበረ ግን ብዙ ሰው አልተቀየመኝም።

ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። መሻገሪያው አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ያለነው የምንጸልየው በአንድ መንገድ ነው፣ ቤታችን ውስጥ የምናወራውም አንድ ቋንቋ ነው፤ ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ጸሎታቸውም ሌላ፣ የእናታቸው ቋንቋም ሌላ ነው። እኛ «የወዲያዎቹ» እንላቸዋለን። ድልድዩን ስሻገር ግን «ያ የወዲያው ሰውዬ መጣ» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን መሆኑ ነው። የሁለቱም ጸሎት ቤት ስፒከር ሲንጫጫ የሚጠሩት እኔን ነው፤ ገመዱን ስቀጥልላቸው ሁለቱም ይመርቁኛል። ሰማይ ቤት በየትኛውም በር ብገባ የሚያውቀኝ ሰው አላጣም ብዬ እጽናናለሁ።

ልጄ ያገባችው የወዲያውን ሰው ነው። ኤሌክትሪሻን ነው፤ ቤታቸው ድልድዩን ሲሻገሩ የመጀመሪያው በር ነው። ሊጋቡ ሲሉ በሁለቱም ቤት ጉርምርምታ ነበር። አንዷ ዘመዳችን «ከወዲያ ነው አሉ» ብላ ብትመጣ ባለቤቴ «ቢሆንስ?» አለቻት፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝና «ይሄኛውስ ከወዲህ ሆኖ ምን ፈየደልኝ?» አለች። የልጅ ልጃችን ስትወለድ ደግሞ ጉርምርምታው ከሽንት ጨርቁ ጋር ታጠበ። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲሆን አራት ዓመቷ ነበር። የፊት ጥርሷ ክፍት ስለሆነ ፍንጭት እንላታለን። አያቷ የሠራችላትን ቢጫ ሹራብ ሙቀትም ሆነ ብርድ አታወልቅም። አንድ እግሯ ሁልጊዜ ጫማ የለውም፤ የት እንደምትጥለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ድምፄን ከስፒከር ከሰማች ደግሞ የትም ትሁን ሮጣ ትመጣለች። ለድምፄ እንዳይመስላችሁ፤ ኪሴ ውስጥ ብስኩት ስላለ ነው።

አንድ ደንባችንን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው ወሬ አይገባችሁም። በገበያ ቀን ልጅ ይጠፋል። እናትየዋ ወደ እኔ ትሮጣለች፣ እኔም ማይኩን አንስቼ «እናት ያላችሁ ስሙ!» ብዬ እጀምራለሁ። ይህን ካልኩ ከተማው ቀጥ ይላል። ሻጭ ሚዛኑን ያስቀምጣል፣ ሾፌር ሞተር ያጠፋል፣ የሚደባደቡ ሰዎች አንገት ለአንገት እንደተናነቁ ይቆማሉ። ሁሉም በየጠረጴዛው ሥር፣ በየመኪናው ሥር ያያል። ያገኘው ሰው ልጁን አምጥቶ አምፕሊፋየሬ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔ «ተገኝቷል» እስክል ድረስ ማንም ወደ ያዘው ነገር አይመለስም። የልጁን ልብስና ቁመት እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አልናገርም። እናትን ማሳፈር ነውር ነው፤ ደግሞስ የጠፋው ልጁ ነው እንጂ ዘመዶቹ አይደሉም። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። በዓለም ላይ ያለኝ ሥልጣን ግን እሱ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ እንኳ ድስቷን አውርዳ ትቆማለች።

ምርጫው መጣ። አንድ ዕጩ ከወዲህ፣ አንድ ዕጩ ከወዲያ ቀረበ። ሁለቱም ያለ እኔ ሕዝብ የሚሰማቸው አልመሰላቸውም፤ እኔም ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው እየዞርኩ በሁለት ቢላዋ በላሁ። ሁለቱንም «የድሃ አባት፣ የሕዝብ ልጅ» እያልኩ አስተዋወቅሁ፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም። አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱም ነው፣ የወዲያውን ዕጩ ሕዝብ ፊት አቁሜ የተፎካካሪውን ስም ጠራሁና «ምረጡት!» አልኩ። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰዉ ግን በሳቅ ፈረሰ፤ ዕጩው ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያን ቀን ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ባጃጄን ከነእኔ ወንዝ ይከቷት ነበር።

ምክንያቱም ዕጩዎቹ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ማውራት ተዉ። ወሬው ሁሉ «እኛ» እና «እነሱ» ሆነ። በወረቀት ጽፈው የሚሰጡኝ ቃል ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ሄደ። እኔም እንደ ሳሙናው አነበብኩት።

የምርጫው ቀን ሰላም ነበር። ሰዉ ተሰልፎ፣ ጣቱን ቀለም አስነክሮ ወደ ቤቱ ገባ። ውጤቱ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ዘገየ። ከወዲህ «ኮሮጆውን ወንዝ ከተቱት» ተባለ፤ ከወዲያ «ኮሮጆውን ሰርቀው ወሰዱት» ተባለ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚለውን ምክር ሰዉ ገልብጦ ያዘው፤ መላውን ትቶ ወሬ ጨመረበት። ድልድዩ ላይ ድንጋይ መወራወር ተጀመረ። ከእኛ በኩል ሱቅ የነበራት አንዲት የወዲያ ልብስ ሰፊ ሱቋ ከነማሽኗ ተቃጠለ። ያቺ ሴት የባለቤቴን ቀሚስ ሰፍታ ነበር፤ ባለቤቴ ቀሚሱን ታቅፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ እንዳትመጣ። ባሌ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ መንገድ ተዘግቶበታል። እኔና ፍንጭት ብቻችንን ነን፣ በሩን ቆልፈናል» አለችኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ብንደውል፣ ብንደውል አይነሳም።

ባለቤቴ የባጃጇን ቁልፍ ወረወረችልኝ። «ሂድና አምጣቸው።»

«ድልድዩ ተዘግቷል እኮ።»

«አፍህስ ተዘግቷል? ዕድሜህን ሙሉ ስትጮህ የኖርከው ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው? ልጆቼን ሳትይዝ ወደዚህ ቤት እንዳትመጣ!»

ጀግና ቢሆን ቀጥ ብሎ ወደ ድልድዩ ይነዳል። እኔ አደባባዩን ዞርኩት። ደግሜ ዞርኩት። ነዳጁን አሳበብኩ፣ ፍሬኑን አሳበብኩ፣ ያላሳበብኩበት ብሎን አልነበረም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ እናት ግን ከሞተች ቆይታለች፣ ስለዚህ ፍርሃቴ ለማንም የሚጠቅም አልነበረም። እኔ ስዞር አደባባዩ በሰው ሞላ። ዱላ የያዘ አለ፣ ፌሮ ብረት የያዘ አለ፣ የሚቃጠል ጎማ የሚያንከባልል አለ። መውጫዬን ስፈልግ ጭራሽ መሃላቸው ገባሁ።

ጎሚስታው ባጃጇን በአንድ እጁ ያዛት። ጎሚስታው በአደባባዩ ጥግ ጎማ የሚጠግን፣ ቁመቱ በር የሚያህል ሰው ነው። የእኔን ጎማ ስንት ጊዜ ለጥፎልኛል። ልጄ ትንሽ ሳለች ብስክሌቷን በነፃ ይነፋላት ነበር፤ የወዲያውን ሰው ካገባች በኋላ ግን ሰላም ማለት ትቶ ነበር። ያን ቀን ሲጮህ ውሎ ድምፁ ጎርንኗል።

«ጋሼ፣ በሰዓቱ ደረስክልን!» አለኝ።

«ምን ልታዘዝ?» አልኩት። ምን ልታዘዝ! ሰርግ ያለበት ነው የመሰለኝ።

«የወዲያዎቹ ድልድዩን ተሻግረው እየመጡብን ነው በል። ሕዝቡ ይውጣ። ዛሬ ቁርጣቸውን እንነግራቸዋለን።»

«እየመጡ ነው እንዴ?»

«እነሱ ካልመጡ እኛ እንሄዳለን። አንተ ብቻ በል!» ማይኩን አንስቶ አፌ ላይ ደቀነው።

ይህ ሁሉ ሰው ድልድዩን ከተሻገረ መጀመሪያ የሚያገኘው በር የልጄ በር ነው። ይህን አውቃለሁ። እምቢ ማለት እንዳለብኝም አውቃለሁ። ግን እምቢ የሚል ቃል በማይክ ብዬ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፤ አፌን የከፈትኩት የታዘዝኩትን ልል ነበር። ዓይኔ ላይ ያለችው ያቺ ቢጫ ሹራብ ብቻ ናት። በሁለቱ ስፒከሮች የወጣው ታዲያ ሌላ ነገር ሆነ።

«እናት ያላችሁ ስሙ!»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። አደባባዩ ቀጥ አለ። የተነሳ ዱላ እንደተነሳ ቀረ፤ የሚንከባለለውን ጎማ አንዱ በእግሩ አስቆመው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ የልጁን ልብስ ይጠብቃል።

ውሸት መፍጠርም ጭንቅላት ይጠይቃል። ፈታኙ ሰውዬ እንዳለው እሱ ነው የጎደለኝ። ስለዚህ የማውቃትን ልጅ ተናገርኩ። «ልጅ ጠፍታለች! አራት ዓመቷ ነው፣ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም! መጨረሻ የታየችው ድልድዩ አጠገብ ነው!»

ጎሚስታው ፊቱ ተለወጠ። «ለካ ልጅ ጠፍታ ነው አደባባዩን ስትዞር የነበርከው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ሰበብ ስፈልግ የዋልኩት ሰውዬ፣ ሰበብ በነፃ ተሰጠኝ።

«የማን ናት?»

«አይነገርም እኮ።»

«ልክ ነህ፣ ይቅርታ» አለና አፈረ። ፌሮውን መሬት አስቀምጦ፣ ያን የሚያህል ሰውነቱን አጥፎ፣ ባጃጇ ሥር አየ። ከዚያ ተነስቶ በዚያ በጎረነነ ድምፁ «ወደ ድልድዩ!» አለ። ሕዝቡ ወደ ድልድዩ ተመመ። ሊሄድ ያሰበው ወደዚያው ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም አቀርቅሮ ቦይ ቦዩን እያየ ነው የሚሄደው። እኔም ከኋላ እያዘገምኩ ራሴን አደነቅሁ። እንዴት ያለሁ ብልህ ነኝ አልኩ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የወዲያዎቹ ወጣቶች በዚያኛው ጫፍ ድንጋይ ከምረው ቆመዋል። ስፒከሬ ወንዝ ይሻገራል፤ ደንቡም የሁለታችንም ነው። ከእነሱም አንዱ ድልድዩ ሥር አጎንብሶ ያያል፣ አንዱ የተጣለ በርሜል ይገለብጣል። ድንጋይ የወረወረ የለም።

ያን ጊዜ ከመጀመሪያው በር ሥር ቢጫ ነገር ሾልካ ወጣች።

ለካ ድምፄን ሰምታለች። ለካ ብስኩቷን ልትቀበል ነው። በሩን እናቷ ቆልፋዋለች፤ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ግን ለድመት እንጂ ለልጅ ማን ያስበዋል? ፍንጭት በአንድ እግር ጫማ ድንጋዩን እየዘለለች ድልድዩ ላይ ወጣች። «አባባ!» ትላለች። ቤቷ በሰላም የተቀመጠችን ልጅ በገዛ አፌ ጠርቼ፣ ድንጋይ በጨበጠና ዱላ በያዘ ሕዝብ መሃል አቆምኳት። ዘልዬ ልወርድ ብል ቦርጬ ከመሪው አልላቀቅ አለኝ። ጀግናው እንግዲህ ያኔ የት ነበር ብትሉ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀርቅሮ እያለቀሰ ነበር።

ከወዲያ በኩል አንዱ ድንጋዩን እንደያዘ ወደ ፊት ሮጠ። «ተዉ! ልጅቷ ናት!» ብሎ ሌላው ከኋላ እጁን ያዘው። ከወዲህ ጎሚስታው ባዶ እጁን ከፍ አድርጎ ብቻውን ድልድዩ ላይ ወጣ። ፍንጭት ሰውዬውን ቀና ብላ አየችው፣ እጆቿን ዘረጋችለት፤ አነሳት። በዚህ መሃል ልጄ በባዶ እግሯ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ «ልጄን!» እያለች በረረች። ድልድዩ መሃል ተገናኙ። እኔ ካለሁበት ሆኜ የሚባባሉትን አልሰማሁም። ልጄ እጇን ስትዘረጋ፣ እሱ ፊቷን ሲያይ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን ሲያይ ብቻ አየሁ። ብስክሌቷን ይነፋላት የነበረችውን ልጅ አውቋታል።

እናትና ልጅን ይዟቸው ወደ እኔ መጣ። በደንቡ መሠረት ፍንጭትን አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀመጣት። ቢጫው ሹራብ ላይ የጎማ ጥላሸት ያለበት ትልቅ የእጅ አሻራ ቀርቷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው የጠፋችው?»

«አሁን… ስጠራት» አልኩት።

ይገድለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሕዝቡ ከኋላ «ተገኘች አይደል? ተናገር እንጂ፣ ጋሼ!» ይላል። ከወዲያም እየጮሁ ይጠይቃሉ። ከመሃላቸው ዱላውን ከተኛበት ሊያነሳ ጎንበስ ያለ አየሁ። የሚጠብቁት ያቺን አንዲት ቃል ነው፤ ተገኝታለች ካልኩ ሁሉም ወደ ያዘው ነገር ይመለሳል።

ማይኩን አየሁት። ሕይወቴን ሙሉ አንድም ቀን ዝም ብዬበት አላውቅም። ከኪሴ ብስኩት አውጥቼ ለፍንጭት ሰጠኋትና ዝም አልኩ።

ጎሚስታው ሹራቡ ላይ ያለውን አሻራ አየ፣ እጁን አየ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ጋሼ ገና አልተናገረም» አለ። «ጠብቁ።» አንዱ ሊያቃጥለው ያመጣውን ጎማ አጋድሞ ተቀመጠበት።

ሁሉም ልጅቷን በዓይኑ እያያት ነው፤ ብስኩቷን ትበላለች። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ወዲህም ቆሙ፣ ወዲያም ቆሙ። መቼም ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ይርበዋል፣ ሽንቱ ይመጣል፣ ሚስቱ ትዝ ትለዋለች። አንዱን እናቱ መጥታ በጆሮው ጎትታ ወሰደችው፤ ዱላውን ሳይቀር ረሳው። ሲመሻሽ ካፊያ ጣለና የቀረውም ተበተነ።

ከተማው በሙሉ ግን አልተረፈም። የእኔ ስፒከር በማይደርስበት በላይኛው ገበያ በኩል በዚያው ከሰዓት ቤቶች ተቃጠሉ፣ ከወዲህም ከወዲያም ሰው ሞተ። የቀብሩን ሰዓት በሁለቱም ሰፈር እየዞርኩ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አፌ አላመለጠኝም።

ልጄ «ቤቷ የተቀመጠችን ልጅ!» እያለች ለብዙ ቀን አኮረፈችኝ፤ እውነቷን ነው። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ሁለቱንም ስታይ አቅፋቸው አለቀሰች፤ ከዚያ ለእኔ «እራትህ ምድጃው ላይ ነው» አለችኝ። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ውጤቱም በኋላ ተነገረ። ማን እንዳሸነፈ ብነግራችሁ ወገን ትይዙብኛላችሁ፤ ይቅርባችሁ።

ፍንጭት አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም ጫማዋን ታደርጋለች። ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ «የጠፋችው» ነው የሚሏት። ሰሞኑን ምርጫው ተመልሶ መጥቷል። ዕጩዎቹም ወረቀታቸውን ልከውልኛል፤ ገና ከመጀመሪያው መስመር «እነሱ» ይላል። ትናንት ጎሚስታው የባጃጄን ጎማ ሲለጥፍልኝ ፍንጭት መጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ተቀመጠችና ማይኩን አቀበለችኝ።

«አባባ፣ ተገኝታለች በልልኝ። በቃ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል።»

ጎሚስታው ከጎማው ቀና አለ። «ጋሼ፣ እንዳትል» አለኝ።

«ምርጫው ይለፍና እላለሁ፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት።

«ያኛው አልፏል እኮ» አለችኝ።

ከኪሴ ብስኩት አውጥቼ ሰጠኋት።